ጭራቅ የሌለበት የጭራቅ መጽሐፍ

የእኛ ሰፈር ሰው አንድን መጽሐፍ ለመፍራት ማንበብ አያስፈልገውም። አንብቤዋለሁ የሚል ሰው ሲያወራ መስማት ይበቃዋል። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ሲበርድልኝ እጽፋለሁ ብዬ ብጠብቅ አልበረደልኝም፤ ስለዚህ እንዲሁ በትኩሱ ተቀበሉኝ።

ፍራሽ ሠሪውን ሁሉም ሰው ጥጡ ይለዋል። ጸጉሩ ላይ፣ ቅንድቡ ላይ፣ አንዳንዴም ምላሱ ላይ ሳይቀር ጥጥ ስለማይጠፋ ነው። የእሱን ሱቅና የእኔን የስፌት መኪና መጠገኛ የሚለያቸው አንድ የሳንቃ ግድግዳ ነው፤ ሳንቃው ደግሞ አይጥ እንጂ ድምፅ አያግድም። ከዚያ ማዶ የተባለውን አልሰማሁም ብል ውሸታም ነኝ።

ሥራው ይህ ነው። ሰዎች ለዓመታት የተኙበትን የጥጥ ፍራሽ ያመጡለታል። ሚስቱ ስፌቱን ትተረትራለች። እሱ ጥጡን አውጥቶ ጓሮ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ በዱላ ይወቃዋል፣ የተጓጎለውን በጣቱ ይበታትነዋል። ሚስቱ አዲስ ጨርቅ ትሰፋለች፤ እሱ መልሶ ይሞላና ክንድ በሚያህል መርፌ እዚህም እዚያም ወግቶ ያስረዋል። ባለ ፍራሹ መጥቶ ጫን ጫን ያደርገውና "አዲስ ሆነ!" ይላል። አዲስ አልሆነም። ያው የድሮው ጥጥ ነው፣ ጨርቁ ነው የተለወጠው።

ታዲያ ሰው ለሐኪሙ የማያሳየውን ለፍራሽ ሠሪ ይልካል። ከፍራሽ ሆድ ያልወጣ ነገር የለም፤ የሕፃን ጥርስ፣ ፊቱ የተቆረጠ ፎቶግራፍ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ። አንድ ቀን የባልና ሚስት ፍራሽ መጣለት። መሃል ለመሃል፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፣ በወፍራም ሲባጎ ተሰፍቶ ለሁለት ተከፍሏል። ድንበር ማለት ነው። ያመጡት ባልና ሚስት በሩ ላይ ቆመው እየተሳሳቁ "ተጎድጉዶብን ነው" አሉ። ሲባጎውን ያዩት አይመስሉም።

"ማን እንደሰፋው ማወቅ ፈለግኩ" አለኝ ጥጡ። "አልጠይቃቸው ነገር ነውር ነው። ሲጨንቀኝ ጻፍኩት።"

እንዲህ ነው የጀመረው። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ ያቋረጠ ሰው ነው፤ ማንበብ የወደደው ሰዎች ፍራሽ ሥር ደብቀው በረሷቸው መጻሕፍት ነው። ሲጽፍ ሲጽፍ አራት ረጃጅም ታሪኮች ሆኑ። አስፈሪ ታሪኮች ናቸው። ግን መንፈስ የለባቸው፣ ጥርሱ የሾለ አውሬ የለባቸው፣ ማንም ቢላዋ አያነሳባቸው። አንደኛው ከተዘጋ መጋዘን ውስጥ የሰው ማንኳኳት እየሰማ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ስለሚያደርግ ዘበኛ ነው። ሁለተኛው በሲባጎ ስለተከፈለው አልጋ ነው። ሦስተኛው ቤት ሲካፈሉ ግንቡን አባታቸው በተኙበት ክፍል ዙሪያ ስላቆሙና በር መተው ስለረሱ ወንድማማቾች ነው። አራተኛውን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

የመጀመሪያ አንባቢው፣ አንባቢ እንኳን አይደሉም ሰሚው፣ አማቱ ነበሩ። እማማ ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ካላቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ሴት ልጃቸው ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል አስተኝታ ነበር የምታስታምማቸው፤ ጥጡ ራሱ በሠራላቸው ወፍራም ፍራሽ ላይ። የማይንቀሳቀስ ሰው በአንድ ጎኑ ከቆየ ሥጋው ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ ቢኖር አሁን ይወቅ። ባልና ሚስቱ ሰዓት አይቆጥሩም። ሬዲዮኑ ዜና ሲጀምር ከሁለት አንዱ እጁ ላይ ያለውን ጥሎ ገብቶ ያገላብጣቸዋል። ዜና በመጣ ቁጥር። ሌሊት ደግሞ በየተራ።

"የዓለም መከራ ሲወራ የኔ ወገብ ያርፋል" ይሉ ነበር እማማ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥጡ ወንበር ስቦ ያነብላቸዋል። ሳንቃው ማዶ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

"ይሄ ዘበኛ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" ይላሉ።

"ፈርቶ ነው እማማ።"

"የፈራ ሰው አይጮህም ልጄ። የፈራ ሰው ዝም ነው የሚለው። አጥፋው።"

"መጮሁ ለአንባቢው ደስ ይለዋል ብዬ እኮ ነው።"

"አንባቢው ደስ እንዲለው ከፈለግክ ሠርግ ጻፍ!"

አንድ ቀን ታዲያ "አሁን እኔን ጻፈኝ" አሉት።

"እርስዎን? እርስዎ ምን ያስፈራሉ?"

"እናንተ ባትኖሩ የምሆነውን ጻፍ።"

"ኧረ እማማ! ደግ አይደለም።"

"አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ተኝቼ ቀኑን ሙሉ የማስበው ምን ይመስልሃል? የልጅነት መዋኛዬን? እሱን ነው የማስበው። ለብቻዬ ከማስበው አብረን እናስበው።"

አራተኛው ታሪክ ይህ ነው። ስሙ "ማንም አልነካትም" ይባላል። አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ሴት በደህና ቤት ውስጥ፣ በሚወዷት ሰዎች መካከል ትሞታለች። ሁሉም ጠዋት ግንባሯን ይስማታል። ሁሉም "እንዴት አደርሽ" ይላታል። ሁሉም ደግሞ ሌላው አገላብጧታል ብሎ ያስባል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ተራኪው የሴትዮዋ አማች ነው፤ "እኔ" እያለ ነው የሚያወራው። ለምን "እኔ" አልክ ብዬ ጠይቄው ነበር። "እሱ ብዬ ብጽፍ አንባቢው ጎረቤቱን ያስባል፤ እኔ ስል መሸሻ ያጣል" አለኝ።

የዋህ! ሰው መሸሻ አያጣም።

መጽሐፉ ታተመ። ለጥቂት ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ ጥቅሎቹ ሱቁ ውስጥ የጥጥ ክምር ላይ ተቆልለው ድመት ስትተኛባቸው ከረመች። ከዚያ አንዱ አነበበ መሰለኝ፣ ወሬው ተነሳ። የዳቦ ቤቷ ሴት ሰላምታ ስትሰጠው ዓይኗን መሬት ላይ ትተክል ጀመር። ጸጉር አስተካካዩ ምላጭ እንደያዘ፣ ግማሽ ጸጉሬ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ፣ እንዲህ አለኝ።

"ያ ጎረቤትህ አማቱን ገድሎ ነው አሉ የጻፈው።"

"አማቱ እኮ በሕይወት አሉ! ጠዋት ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ።"

"እሱን ነው የምልህ። ገና ነው።"

ግማሽ ጸጉሬን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ለዚህም እናደዳለሁ።

ወሬው በመጨረሻ የእማማ ወንድ ልጅ ጋ ደረሰ። የጥጡ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ የወለልና የግድግዳ ሴራሚክ ያስመጣል። ጨዋ ሰው ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እናቱን በወር አንዴ መጥቶ ግንባራቸውን ስሞ፣ ከበር ላይ እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። ያን ቀን ግን ሚስቱን አስከትሎ መጣና፣ የተንጠለጠለውን ጥጥ በእጁ እየገፋ፣ እህቱን ጠየቃት።

"አንብበሽዋል?"

"ምኑን ጋሼ?"

"የባልሽን መጽሐፍ።"

አላነበበችውም። የሚስቁትን ስትሰማ ነው የኖረችው፤ ስፌት፣ እናት፣ ማድ ቤት፣ የትኛው ጊዜዋ ያስነብባታል? ጋሼዋ አራተኛው ታሪክ የሚጀምርበትን ገጽ ገልጦ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበላት። "አማቴ የሞተችው እኔ ቤት ነው። ማንም አልነካትም።" ከዚህ በላይ አላነበበም። ያኔም አላነበበም፣ በኋላም አላነበበም። መጽሐፉን አጥፎ ሰጣትና "እናቴን እዚህ ትቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?" አላት፤ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ከሄዱ በኋላ የስፌት መኪናዋ ዝም አለ። ዓመት ሙሉ ሲንኳኳ የኖረ መኪና ዝም ሲል ጆሮ ይበላል። ከሰዓቱን በሙሉ መኪናው ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ሲመሽ ሰማኋት።

"ይሄን የጻፍከው እናቴ አጠገብ ተቀምጠህ ነው?"

"አዎ።"

"እያየችህ?"

"እሳቸው ናቸው ጻፍ ያሉኝ። ጠይቂያቸው።"

"እኔ ነኝ ያልኩት!" የሚለው የእማማ ድምፅ ከጓዳ መጣ። "የሞትኩበት ቦታ ላይ ትንሽ አሳጥሮታል እንጂ ጥሩ ነው።"

"አልጠረጠርኩህም" አለችው ሚስቱ። "ግን እንዲህ ያለ ነገር ከየት መጣልህ? ሰው እንዴት እንደሚረሳት፣ ማን ምን እንደሚል፣ ሁሉንም ታውቀዋለህ። ከየት አወቅከው?"

"ከፍራሽ" አላት።

መልሱ እውነት ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ የሚባል መልስ አልነበረም። ጥጡ ስለ ክፉ ሰው መቶ ገጽ ይጽፋል፤ ስለ ራሱ ሁለት ቃል አይወጣውም። ሚስቱ ደግሞ ፈርታ ነበር። አልፈርድባትም። እናቷ ናት፤ ወንድሟ በአንድ ወገን ይጨቀጭቃታል፣ ሰፈሩ በሌላ ወገን ያንሾካሹካል። "እስቲ ለጥቂት ጊዜ ጋሼ ጋ ትሁን" አለች በመጨረሻ።

እማማ መጀመሪያ "እኔ ዕቃ ነኝ?" ብለው ተቆጡ። ቀጥሎ ግን የሰው ልጅ ነውና ትንሽ አጓጓቸው። "ልጄ ሠራሁት የሚለውን ቤት ሳላይ ልሙት እንዴ? ሄጄ ወለሉን አይቼ እመጣለሁ" አሉ። ፍራሻቸውን ጭምር በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ጥጡ እግራቸውን ደግፎ ሲያወጣቸው "ስመጣ የምታነብልኝ አዲስ ነገር ይኑርህ" አሉት። ወንድምየው ጥጡን ወደ ጎን ወስዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና "ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል፣ እማዬ እንዳትረበሽ ብዬ ነው" አለው። እንዲህ ነው ሰው በጨዋነት የሚባረረው።

ሳምንታት አለፉ። ሚስቱ እሁድ እሁድ ትሄዳለች። በሄደች ቁጥር የወንድሟ ሚስት "ምነው ትንሽ ቀደም ብትዪ! አሁን ነው የተኙት" ትላታለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ታሳያታለች። ፊታቸው ታጥቧል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጭ ተስቧል። ክፍሉ ሽቶ ሽቶ ይላል። ሻይ ጠጥታ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ጥጡ "እንዴት ናቸው?" ይላታል፤ "ተኝታለች" ትለዋለች። ባልና ሚስት ከዚህ በላይ የማይነጋገሩበት ዘመን ሆነ። የሬዲዮኑ ዜና ሲመጣ ሁለቱም ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉና መልሰው ይቀመጣሉ። ሳንቃው ማዶ ወንበሮቹ ሲንቋቁ እሰማለሁ።

አሁን የማልረሳው ነገር መጣ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የወንድምየው የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ሹፌሩ ፍራሽ አወረደ። የእማማን ፍራሽ።

"ጋሼ አናፍሳችሁ መልሱ ብለዋል" አለ። "አዲስ ስፖንጅ ስለገዙላቸው ነው። ይሄኛው ሽታ አመጣ፣ የተሞላው ጥጥ ከመጀመሪያውም ደህና አልነበረም መሰለኝ ብለዋል። ቤተሰብ ስለሆናችሁ በነፃ ነው አይደል?"

እስቲ ፍረዱ! ሰውየውን ጭራቅ ነው ብለው እናታቸውን ነጠቁት፤ ፍራሻቸውን ግን በነፃ ይሥራልን ብለው ላኩለት። ነፍሰ ገዳይ ነው ብለህ የምትሸሸውን ሰው ሥራ እንዲሠራልህ ትልካለህ? የዚህ ቤተሰብ ሰዎች ይልካሉ። ከመፍራታቸው ቁጠባቸው ይበልጣል።

ፍራሹ አበባ አበባ ያለበት አዲስ ጨርቅ ለብሷል። ሚስትየው እንደ ልማዷ መተርተሪያዋን ይዛ ተንበረከከች።

"ይሄ የኔ ስፌት አይደለም" አለች።

አዲሱ ጨርቅ ከድሮው በላይ ነው የተሰፋው። የድሮው አልወጣም። ሁለተኛውን ስትተረትር ሽቶው መጀመሪያ መጣ፣ ከሽቶው ሥር ሌላው መጣ። ይህን ለማወቅ ፍራሽ ሠሪ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ አፍንጫዬን ያዝኩ። መሃሉ የሰው ወገብ በሚያህል ስርጉድ ወርዷል። እዚያ ላይ ያለው ጥጥ ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ እንደ ጭቃ ተጣብቋል። ከስርጉዱ ግራና ቀኝ ያለው ጥጥ ግን የተሞላ ዕለት እንደነበረው ነጭ ነው። እነዚያ ቦታዎች ላይ የተኛ ሰው የለም። አንድም ቀን።

መተርተሪያው ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ባሏን ቀና ብላ አየችው።

"ተነስ።"

"አንቺ ሂጂ" አላት ጥጡ። "እኔን ሲያዩ ጭራቁ መጣ ይላሉ። በሩን ይዘጉብሻል።"

"ጭራቅ ከሆንክ ለዛሬ ጥቀመኝ!"

ሹፌሩ ገና በር ላይ ውኃ እየጠጣ ነበር። ሚስትየው የተተረተረውን ፍራሽ በአንድ ጫፍ አነሳች፣ ጥጡ በሌላው፤ እኔም መሃሉን ያዝኩ። መኪናው ላይ ጣልነው።

"ኧረ እትዬ" አለ ሹፌሩ "ጋሼ ፍራሹን ብቻ ነው ያሉኝ።"

"ፍራሹን ነው የምትመልሰው። እኛ ላዩ ላይ ነን።"

ቤቱ እንደተባለው ነው። ከበሩ ጀምሮ ነጭ ሴራሚክ፤ ሰው ሲራመድ ራሱን እግሩ ሥር ያያል። የወንድሟ ሚስት ሳሎን ውስጥ ሁለት እንግዶች ይዛ ተቀምጣለች። ስታየን ብድግ አለች፤ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀድሞ ደረሰ።

"ውይ! ምነው ሳትነግሩን? እማማ እኮ አሁን..."

"አሁን ነው የተኛችው" አለች የጥጡ ሚስት። "አውቃለሁ።"

ፍራሹን ሳሎኑ መሃል ዘረጋነው። ከእንግዶቹ አንዷ ወንበሯ ላይ እግሯን ሰበሰበች። በኮሪደሩ አልፈን የመጨረሻውን በር ከፈትነው።

እማማ አልተኙም። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነበር። ፊታቸው ተወልውሏል፣ ጸጉራቸው ተበጥሯል፤ ከንፈራቸው ግን ተሰነጣጥቋል፣ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጠች። ያየሁትን ቁስል አልገልጽላችሁም፤ ጥጡ ቢሆን ይገልጸው ነበር፣ እኔ አልችልም።

እማማ ዓይናቸውን ወደ አማቻቸው አዞሩ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነበር።

"ዘገየህ። አራተኛው ታሪክ ውስጥ ገብቼ እኮ ነበር።"

ጥጡ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እያለቀሰ ግን እጁ ሥራውን አልረሳም፤ አንድ እጁን ከትከሻቸው፣ ሌላውን ከጭናቸው ሥር አስገብቶ በቀስታ ወደ ጎን አዞራቸው። እማማ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ እስካሁን ይሰማኛል።

"እህህ" አሉ። "እሱን ነው የናፈቅኩት።"

ልናወጣቸው ስንል ወንድምየው መጣ፤ ሚስቱ ደውላለት ነው። ፍራሹን ሳሎን ላይ አየ፣ እናቱን አየ፣ ግድግዳ ያዘ።

"እኔ... አንቺ ታገላብጫታለሽ ብዬ..." አለ ለሚስቱ።

"እኔ? እኔ ሠራተኛዋ ናት ብዬ ነዋ! ነርስ ትመጣ የለ?"

"ነርሷ ደም ግፊት ለክታ ነው የምትሄደው" አለች ሠራተኛዋ ከወጥ ቤቱ በር። "እኔን ማን አዘዘኝ? ፊታቸውን እጠቢ፣ ጸጉራቸውን አበጥሪ ነው ያላችሁኝ። ሌላውን እንዳትነኪ፣ ታሳምሚያቸዋለሽ አላላችሁም? ይሸታል ስል ጨርቅ ቀይሪ፣ ሽቶ ርጪ አላችሁኝ።"

ጥጡ ቃል በቃል ጽፎታል፤ "አንቺ ብዬ"፣ "እሷ ብዬ"፣ "ነርስ ብዬ"። ቢያነቡት ኖሮ! ሁለት ገጽ እንኳን ገለጥ ቢያደርጉ ኖሮ ማን እንደሆኑ በዚያው ያውቁ ነበር። መጽሐፉን የፈሩት ሰዎች መጽሐፉን ቁጭ ብለው ሲሠሩት ከረሙ። እናም ልንገራችሁ፤ እነዚህ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ጠልቻቸው እገላገል ነበር። ግን ሁሉም በየጠዋቱ የእማማን ግንባር ስመዋል። ሁሉም ይወዷቸዋል። ፍቅራቸው ከወገብ በላይ ነበር፣ ብርድ ልብሱ እስኪጀምር ድረስ።

ወንድምየው ማልቀስ ጀመረ። እህቱ አላየችውም። "በኋላ ታለቅሳለህ፣ አሁን በሩን ክፈት" አለችው። ከፈተ።

አዲሱን ስፖንጅ መኪናው ላይ አነጠፍን፤ እማማን በጎናቸው አስተኝተን፣ ጥጡ ከኋላቸው ተደግፎ፣ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሹፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ እማማ" ይላል። እማማ "ዝም ብለህ ንዳ፣ ጉድጓዱን የቆፈርከው አንተ ነህ?" አሉት። ያኔ ነው ይኖራሉ ብዬ ማመን የጀመርኩት።

ሐኪሟ ወጣት ነች፣ ፊቷ የማይፈታ። ቁስሉን አይታ ጠረገች፣ ሸፈነች፣ መድኃኒት አዘዘች። ውጪ ጠርታን "ትንሽ ብትቆዩ አጥንት ይደርስ ነበር" አለች። "አልደረሰም። ከተገላበጡ፣ ከበሉ፣ ንጽሕናቸው ከተጠበቀ ይድናሉ።" የጥጡ ሚስት "ይድናሉ?" አለች። "ይድናሉ።" "እስቲ ድገሚልኝ።" ሐኪሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና ደገመችላት።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ታሪክ ነው፤ ቁስል በወሬ አይድንም። ጥጡ አዲስ ፍራሽ ሠራላቸው። ሬዲዮኑ ዜና ሲጀምር ያገላብጧቸዋል፤ ክሊኒክ ተመላልሰው ቁስሉን ያሳጥባሉ። እኔም ተራ ተሰጠኝ፤ የመኪና መፍቻ የለመደ እጄ መጀመሪያ ሲያስፈራኝ እማማ "እንዳልሰበር አትፍራ፣ ብሎን የለኝም" እያሉ አስለመዱኝ። የዳቦ ቤቷ ሴት አንድ ጠዋት ዳቦ ይዛ መጣች፤ ዓይኗ አሁንም መሬት ላይ ነው፣ አሁን ግን በፍርሃት አይደለም። ጸጉር አስተካካዩ "እኔ እኮ ድሮም ጥርጣሬ ነበረኝ፣ በወንድምየው ላይ" አለኝ። ሌላ ጸጉር አስተካካይ ይዣለሁ።

ወንድምየውስ? መጣ። መጀመሪያ ፍራፍሬ በካርቶን ይዞ መጣ። እህቱ ካርቶኑን ተቀብላ ከበር መለሰችው። ሁለተኛ ባዶ እጁን መጣ። እማማ ናቸው "ይግባ" ያሉት። ገባና እንደ ልማዱ ግንባራቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እናቱ እጃቸውን ከፍ አድርገው አገዱት።

"እሱን ተወው። ዜና ጀምሯል፣ አዙረኝ።"

"እኔ... እንዴት እንደሆነ አላውቅም እማዬ።"

"ያ ሰውዬ ያሳይሃል።"

ጥጡ አሳየው። እጅህን እዚህ፣ ክንድህን ከዚህ ሥር፣ አትጎትት፣ ወደ ራስህ አንከባል። ሰውየው ላቡ እስኪንጠባጠብ ታገለ። አዙሮ ሲጨርስ እማማ "የሲሚንቶ ከረጢት እንኳን ከዚህ በተሻለ ይዞራል" አሉ፣ ግን ነገ ና አሉት። ይመጣል። ሳይዘል ይመጣል ብዬ አልምልም፤ ሰው ነውና ይዘላል። ሲዘል እህቱ ትደውልለታለች፤ ስትደውልለት ድምፅዋ የጨዋ ድምፅ አይደለም። እንኳንም አልሆነ።

መጽሐፉን በመጨረሻ ሰው እያነበበው ነው፤ ሙግቱም አላለቀም። አንዳንዱ "ይህን ያህል ጨለማ ምን ያደርጋል?" ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ጨለማው ያለው እናንተ ጋ ነው፣ እሱ አምፖሉን ነው የያዘው። ጥጡ እንዲህ ስናገር ሲሰማ ያፍርና "ተዋቸው፣ ታሪክ ብቻ ነው" ይላል። እኔ ግን አልተዋቸውም።

ባለፈው ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ፋሻውን ፈታች፣ በጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች። ቁስሉ ያለበት ቦታ የተሸበሸበ ሮዝ ቆዳ ሆኗል። "ዘግቷል" አለች። "ከእንግዲህ እኔ ጋ መመላለስ የለባችሁም።"

የጥጡ ሚስት ወጣች። ተከትዬ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች፤ ትስቃለች ይሁን ታለቅሳለች መለየት አልቻልኩም። ጥጡ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እኔ በር ላይ ቀረሁ።

"ስለዚያ ነገር..." አለችው።

"ተይው።"

"አልተወውም። ፈርቼህ ነበር። አንተን አይደለም፣ ታሪኩን። አንተንም ትንሽ። ተናድደህብኝ ነበር?"

ጥጡ አሰበ። ዋሽቶ አያውቅም፤ ያኔም አልዋሸም።

"በጣም ተናድጄ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን ርቦኛል።"

ያኔ መሳቋ እንደሆነ ተለየ። ቅንድቡ ላይ የቀረውን ጥጥ በጣቷ አንስታ እፍ አለችው። ከኋላችን የክሊኒኩ ነርስ በሩን ከፍታ ጮኸች።

"የእናትየው ቤተሰቦች! ‘ጥለውኝ ሄዱ እንዴ?’ እያሉ ነው! ‘እኔም ርቦኛል በይልኝ’ ብለዋል!"

ሁለቱም እኩል ብድግ አሉ።